ሰማንያ ሺህ ሰው በአራት ቀን? ስለ አዝቴኮች ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በዛሬዋ ሜክሲኮ ምድር ይገዙ ስለ ነበሩት ስለ አዝቴኮች የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የጸሐፊው ብዕር ይጥማል፤ የቀረበልኝን ቡና እስኪቀዘቅዝ ረስቼዋለሁ። የሚሉት ግን አላስተኛኝም። በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አዝቴኮች ፒራሚድ ሠርተው ለሺህ ዓመት የገዙ፣ ከጅምራቸው ደም የጠማቸው፣ ሕግም ትምህርትም የማያውቁ ሕዝብ ነበሩ፤ በአራት ቀን ብቻ 80,400 ሰው አርደዋል፤ ሃይማኖታቸው ከእርድ በቀር ሌላ ይዘት አልነበረውም፤ በመጨረሻም ንጉሣቸው ሞክቴዙማ የስፔኑን ጦር መሪ ኮርቴስን አምላክ መስሎት እጁን ስለ ሰጠ ጥቂት መቶ ነጮች ግዛቱን አፈረሱት፤ ሕዝቡም ከምድር ጠፋ። በዚህ ውስጥ እውነት የተቀላቀለበት አለ፤ ጨርሶ ያልሆነም አለ። ሁለቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃኛል፤ ይህን የነገረን ማን ነው? መቼስ ጻፈው? ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆኑ ከወዲሁ ልናገር።

ከቀላሉ ልጀምር። ጸሐፊው ፎቶግራፉን አስቀምጠው "የአዝቴኮች ፒራሚድ" ያሉት በቴኦቲዋካን የሚገኘውን የፀሐይ ፒራሚድ ነው። ያቺ ከተማ ኃያልነቷን ያጣችው አዝቴኮች ወደ ሜክሲኮ ሸለቆ ከመምጣታቸው ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። እነርሱ ራሳቸው ፍርስራሹን አይተው ተደንቀው፣ አማልክት የተሰበሰቡበት ስፍራ ነው አሉ እንጂ የእኛ ሥራ ነው አላሉም። ላሊበላን የፈለፈሉት የጎንደር ነገሥታት ናቸው እንደ ማለት ነው። "ሺህ ዓመት" የሚለውም እንዲሁ ነው። መናገሻቸው ቴኖችቲትላን፣ የዛሬዋ ሜክሲኮ ከተማ ያለችበት፣ እንደ ትውፊቱ በ1325 ተቆረቆረች፤ በ1521 ወደቀች። ግዛት የሚባለው ነገር የተጀመረው በ1428 ነው። ዘጠና ሦስት ዓመት፤ አንድ ዕድሜ የጠገበ ሽማግሌ ጅማሬውንም ፍጻሜውንም ሊያይ ይችላል። ስማቸውም ቢሆን በእነርሱ አፍ ሜሺካ ነበር፤ "አዝቴክ" አዝትላን ከሚሉት የጥንት አገራቸው ስም ተወስዶ በኋላ ዘመን ምሁራን ያስለመዱት ነው።

"ከጅምራቸው ደም የጠማቸው" ስለሚለው ግን ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ጅምራቸው የድል ታሪክ አይደለም። ሜሺካዎች ወደ ሸለቆው የደረሱት በመጨረሻ ነው። ለም መሬት ሁሉ ባለቤት ነበረው። በቻፑልቴፔክ ኮረብታ ሰፈሩ፤ ተባረሩ። የኩልዋካን ጌታ እባብ የሚርመሰመስበት ድንጋያማ ስፍራ ሰጣቸው፤ እባቡ ይጨርስልኛል ብሎ ነበር ይላል ትውፊቱ፤ እነርሱ ግን እባቡን ጠብሰው በሉት። ከዚያም የጌታውን ልጅ ለአምላካቸው ንግሥት እናደርጋታለን ብለው ወስደው ሠዉአት፤ አባትየው በሠራዊቱ አባርሮ ሐይቁ ውስጥ ጨመራቸው። በቄጠማና በረግረግ መካከል በበለስ ቁልቋል ላይ የተቀመጠ ንስር አዩ፤ ያ ምልክት ዛሬም በሜክሲኮ ባንዲራ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ለአስካፖትሳልኮ ጌቶች ግብር እየከፈሉ፣ በእነርሱም ጦርነት ላይ እየዘመቱ ኖሩ። በ1426 የአስካፖትሳልኮው ሽማግሌ ንጉሥ ቴሶሶሞክ ሲሞት ልጆቹ በዙፋኑ ተጣሉ። የሜሺካው ኢትስኮዋትል፣ ከስደት የተመለሰው የቴስኮኮው ልዑል ኔሳዋልኮዮትልና ትንሿ ትላኮፓን ተባብረው በ1428 አስካፖትሳልኮን ጣሏት። "የአዝቴክ ግዛት" የምንለው የእነዚህ የሦስቱ ከተሞች ውል ነው።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ አልፈውታል። ከሁሉ የሚገርመውን ደግሞ ፈጽሞ አላነሱትም፤ ኢትስኮዋትል ድል ካደረገ በኋላ የቀድሞውን ታሪክ የያዙትን የሥዕል መጻሕፍት ሰብስቦ አቃጠለ። ስለዚህ ስለ እባቡም፣ ስለ ንስሩም፣ ስለ ሙሽራዪቱም የምናውቀው አሸናፊው ቤተ መንግሥት እንዲቀር የፈቀደውን ነው። ታሪክን እንደገና መጻፍ ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊትም የታወቀ ሙያ ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ቁጥር። በ1487 ንጉሥ አዊትሶትል የታላቁን ቤተ መቅደስ እድሳት ሲያስመርቅ በአራት ቀን 80,400 ምርኮኛ ተሠዋ ይላሉ። ምንጩን ባይጠሩትም ቁጥሩ የሚገኘው ዲዬጎ ዱራን በተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ዱራን የተወለደው ከበዓሉ ሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሲሆን መጽሐፉን የጨረሰው ወደ 1581 ነው።

እስቲ እርሳስ እናንሳ። አራት ቀን 96 ሰዓት ነው። ሌሊትና ቀን ሳይቋረጥ ቢሠራ በሰዓት ከ830 በላይ፣ በደቂቃ አሥራ አራት ሰው ይደርሳል። ሰልፉ አራት ነበር ይባላል፤ ይሁን። በእያንዳንዱ መሠዊያ በየአሥራ ሰባት ሰከንዱ አንድ ሰው ደረጃውን ወጥቶ፣ በድንጋዩ ላይ ተጋድሞ፣ ደረቱ በባልጩት ቢላዋ ተከፍቶ፣ ልቡ ወጥቶ፣ አስከሬኑ ተገልብጦ ቦታው ለሚቀጥለው መለቀቅ አለበት። ይህም ለአራት ቀንና ለአራት ሌሊት። ቢላዋው ዶለዶመ፣ ካህኑ ደከመው፣ ደረጃው አዳለጠ የሚባል ነገር የለም። ከተማዋ 200,000 ነዋሪ ነበራት ብንል (ከግምቶቹ ከፍ ያለው ይህ ነው) ለየአምስቱ ነዋሪ ሁለት ምርኮኛ ማለት ነው። ማን ጠበቃቸው? ማን ቀለባቸው? ሬሳውስ በደሴት ላይ በተሠራች ከተማ የት ገባ?

ሌላም ነገር አለ። ሜሺካዎች የሚቆጥሩት በሃያ ነበር፤ ሃያ፣ 400፣ 8,000 እያሉ። ለ8,000 የሚሥሉት ምልክት ከረጢት ነው። 80,400 ማለት አሥር ከረጢትና አንድ 400 ይሆናል፤ የድፍን ቁጥር መልክ አለው። ያንኑ በዓል የሥዕል ምልክት የያዘ ሌላ መጽሐፍ ደግሞ 20,000 ይላል። አንዱ በዓል በሁለት መጻሕፍት በአራት እጥፍ ከተለያየ፣ አንባቢ ቁጥሩን እንደ ቆጠራ ሳይሆን እንደ ፉከራ ሊያየው ይገባል። ቁጥሩ ከፍ ቢል ደግሞ ሁለቱም ወገን ይጠቀም ነበር፤ ለሜሺካው ነገሥታት ማስፈራሪያ፣ ለስፔናውያኑ "ከዚህ አወጣናቸው" የሚሉበት ማስረጃ።

ይህን የምለው እርዱን ለማለዘብ አይደለም፤ የሰው መሥዋዕት ነበር። አንዳንድ የዘመኑ ተሟጋቾች "የስፔናውያን ፈጠራ ነው" ይላሉ፤ እነርሱም ተሳስተዋል፤ መሬቱ መስክሯል። ከ2015 ጀምሮ በሜክሲኮ ከተማ ካቴድራል ጀርባ የሚቆፍሩ አርኪዮሎጂስቶች በኖራ ተያይዘው በክብ የተገነቡ የራስ ቅሎች አግኝተዋል፤ እስከ 2020 መጨረሻ የተቆጠሩት 603 ደርሰዋል። የሴቶችና የሕፃናትም አሉባቸው፤ "የሚሠዋው ጦረኛ ብቻ ነበር" ለሚሉት ይህ ራሱ መልስ ነው። በታላቁ ቤተ መቅደስም የዝናብ አምላክ በሆነው በትላሎክ በኩል ቢያንስ የ42 ሕፃናት አፅም በአንድ ጉድጓድ ተገኝቷል። ይህን ያነበበ ሰው ሆዱ ካልተላወሰ ምን እንደምለው አላውቅም። ነገር ግን ከኮርቴስ ጋር የነበረው አንድሬስ ደ ታፒያ የተሠዉት ሰዎች ቅል በዚያው ስፍራ በሚደረደርበት መደርደሪያ ላይ 136,000 ቅል እንዳለ አስልተናል ብሎ ጽፏል። የቆፋሪዎቹንና የዘማቹን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቁፋሮው ገና አላለቀም፤ ቁጥሩ ይጨምራል፤ 136,000 እንዲደርስ ግን ብዙ ይቀረዋል።

"ሕግም ትምህርትም አያውቁም" የሚለው ላይ ስደርስ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሳቅሁ። ከወረራው ሃያ ዓመት ያህል በኋላ ለስፔን ዘውድ ተብሎ የአገሬው ሠዓሊዎች ያዘጋጁት፣ ሜንዶዛ የሚባል የሥዕል መጽሐፍ አለ። ከገጾቹ በጥቂቶቹ ላይ የአንድ ልጅ አስተዳደግ ዓመት በዓመት ተሥሏል። ከልጁ ራስ በላይ የዕድሜውን ያህል ነጠብጣብ፣ ከፊቱ ደግሞ በምግብ ሰዓት የሚገባው የበቆሎ ቂጣ ይታያል፤ በሦስት ዓመቱ ግማሽ፣ በአራት አንድ፣ በስድስት አንድ ተኩል፣ በአሥራ ሦስት ሁለት። ወንዱ ልጅ ውኃ መቅዳትና ዓሣ ማጥመድ፣ ሴቷ መፍተል፣ መፍጨትና መሸመን ይማራሉ። በአሥራ አንድ ዓመቱ ያስቸገረውን ልጅ አባትየው ይዞት ፊቱን በሚጨስ በርበሬ ላይ ያጥነዋል፤ ከልጁ ዓይን እንባ ይወርዳል። በልጅነቱ በበርበሬ የታጠነ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሥዕል ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በርበሬውም ቢሆን ወደ እኛ ጓዳ የመጣው መነሻው ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው።

ልጁ አሥራ አምስት ሲሞላው ትምህርት ቤት ይገባል። የተራው ሰው ልጅ ቴልፖችካሊ በሚባለው ሥራና ውጊያ ይማራል፤ የመኳንንቱ ልጅና ለክህነት የታጨው ካልሜካክ በሚባለው፣ በጾምና በሌሊት ጸሎት፣ የዘመን አቆጣጠርና የሥዕል ንባብ ይማራል። በዚያ ዘመን በአውሮፓ የስንቱ ገበሬ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባ ነበር?

ሕጉም ቢሆን የለም ሊባል ቀርቶ ከመጠን በላይ ጠንካራ ነበር። ስካር ክልክል ነው። በቴስኮኮ ተራ ሰው ሰክሮ ሲገኝ መጀመሪያ በገበያ መካከል ፀጉሩ ተላጭቶ ይዋረዳል፤ መኳንንት ሰክሮ ቢገኝ ግን ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን ሞት ነው። ታላቅ የሆነ ሰው ቅጣቱም ታላቅ ይሁን የሚል አስተሳሰብ ነው። እስከ ልብ መጠጣት የሚፈቀድለት ሽማግሌና አሮጊት ነው፤ እዚያው የሥዕል መጽሐፍ ላይ የሰባ ዓመት ባልቴት በዘመዶቿ መካከል ተቀምጣ ዋንጫ ጨብጣለች። ባርነት ነበር፤ ባሪያ ግን ንብረት ማፍራት ይችላል፤ ልጁም ነፃ ሆኖ ይወለዳል። ይህ ባርነትን መልካም አያደርገውም፤ ከምናውቃቸው ከብዙዎቹ ይለያል ለማለት ነው።

ጸሐፊው ገበያውን ማንሳት ረስተዋል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ የምወደው ገበያውን ነው። ኮርቴስ ለስፔን ንጉሥ ሲጽፍ ከቴኖችቲትላን አጠገብ ባለችው በትላቴሎልኮ ገበያ በየቀኑ ከ60,000 በላይ ሰው ይገበያያል ብሏል። (ይህም የዘማች ቁጥር ነውና በጥንቃቄ ይያዝ፤ ሕጌን ለራሴ አልሽረውም።) ዕቃው በየተራው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ዳኞች ተቀምጠው ክርክር ይሰማሉ፤ የሐሰት መስፈሪያ ያወጣ ይቀጣል። መገበያያው ጥጥ ኩታና የካካዎ ፍሬ ነው። አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ሲገበያዩ እንደኖሩ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከወረራው በኋላ በ1545 በትላስካላ የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር አንዲት ተርኪ ዶሮ 100 ፍሬ፣ እንቁላሏ ሦስት ፍሬ፣ በቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ አንድ ፍሬ ይላታል። ገንዘብ ባለበት ደግሞ አስመሳይ አይጠፋም፤ የፍሬውን ገለባ ባዶ አድርጎ ሊጥ፣ ሰም ወይም የአቮካዶ ዘር ጨምሮ የሚሸጥ አጭበርባሪ እንደነበር በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን የተባለው መነኩሴ ካሰባሰበው መዝገብ እናነባለን።

ያ ሁሉ ሰው የሚበላው ከሐይቁ ላይ ከሚታረስ መሬት ነበር። ጸሐፊው "ተንሳፋፊ የአትክልት ስፍራ" ብለውታል፤ አይንሳፈፍም። ቺናምፓ የሚባለው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በእንጨት ታጥሮ፣ ከወለሉ ጭቃና አረም እየተዛቀ ከውኃው በላይ የተቆለለ መደብ ነው፤ ዳር ዳሩን ዛፍ ተተክሎ ሥሩ ያጠብቀዋል። በዓመት ብዙ ጊዜ ያፈራል፤ በሾቺሚልኮ ዛሬም ይታረሳል። የሚጠጣው ውኃ ደግሞ ከቻፑልቴፔክ ምንጭ በሁለት ቦይ ይመጣል፤ አንዱ ሲጸዳ ሌላው ይፈስሳል።

ሃይማኖቱ "እርድ ብቻ ነው" ለሚለው ደግሞ፣ ሜሺካዎች ለልጆቻቸው የሚነግሩትን አንድ ተረክ ላቅርብ። ዓለም አራት ጊዜ ተፈጥራ አራት ጊዜ ጠፋች። በጨለማው አማልክት ቴኦቲዋካን ተሰበሰቡ፤ አንዱ እሳት ውስጥ ገብቶ ፀሐይ መሆን አለበት። ባለጸጋውና ኩሩው ቴኩሲስቴካትል እኔ ነኝ አለ። አራት ጊዜ ወደ እሳቱ ሮጠ፤ አራት ጊዜ ፈርቶ ተመለሰ። ያን ጊዜ ናናዋትሲን የሚባለው፣ ገላው ቁስል የሆነው ድሃ አምላክ ዓይኑን ጨፍኖ ዘልሎ ገባ። ፀሐይ እርሱ ሆነ። ኩሩው አፍሮ ተከትሎ ገባ፤ ጨረቃ ሆነ። ፀሐዩ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ አማልክት ሁሉ ራሳቸውን እስኪሰጡ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። መሥዋዕትን የሚጠሩበት ቃል "ዕዳ መክፈል" የሚል ትርጉም ያለው ከዚህ የተነሣ ነው። ተራው ሰው ይህን ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ጆሮውን በእሾህ ወግቶ ከራሱ ደም በማንጠባጠብ፣ ድርጭት በማቅረብ፣ ዕጣን በማጨስ ነበር። በወሊድ የሞተች ሴት በጦር ሜዳ እንደ ወደቀ ጀግና ትቆጠራለች፤ ፀሐይን ከቀትር ጀምሮ እስክትጠልቅ ታጅባለች። ይህን አስተሳሰብ መቀበል አይጠበቅብንም፤ እኔም አልቀበለውም። ነገር ግን "ደም ጠምቷቸው" ብሎ ማለፍ፣ የእኛን ጾም "ምግብ አጥተው" ብሎ እንደሚጽፍ መንገደኛ መሆን ነው።

እግረ መንገዴን፣ የቀን አቆጣጠራቸው ሃያ ሃያ ቀን ያላቸው 18 ወሮች ነበሩት፤ የተረፉትን አምስት ቀኖች ለብቻ ያስቀምጧቸዋል። እኛ ጳጉሜን በደስታ ጠበል እንጠመቅባታለን፤ እነርሱ የአምስቱን ቀን ገድ ፈርተው ሥራ አቁመው ቤት ይቀመጣሉ።

የመጨረሻው ትልቅ ነጥብ ኮርቴስ ነው። ጸሐፊው እንደሚሉት ሞክቴዙማ ኮርቴስን የተመለሰው አምላክ ኬትሳልኮዋትል ነው ብሎ አምኖ ተንበረከከ። ታዲያ ኮርቴስ ራሱ ምን አለ? በጥቅምት 1520 ለንጉሡ በላከው ረጅም ደብዳቤ ሞክቴዙማ ያደረገውን ንግግር ጽፏል። ኬትሳልኮዋትል የሚል ስም በውስጡ የለም። ሞክቴዙማ ከሩቅ ስለ መጡ አባቶችና ስለ አንድ ጌታ ይናገራል፤ ቀጥሎም ልብሱን ገልጦ ሰውነቱን እያሳየ፣ እኔም እንደ እናንተ ሥጋና አጥንት ነኝ፣ የሚነኩኝ ሰው ነኝ ይላል። አምላክ ተብሎ መወደስ የሚጠቅመው ኮርቴስ ወሬውን ሳይጽፍ የቀረው ረስቶት ነው? ታሪኩ የሚታወቀው መልኩን የያዘው በሚስዮናውያንና በተማሪዎቻቸው ጽሑፎች ውስጥ፣ ከውድቀቱ ሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። የተሸነፈ ትውልድ ልጆች አባቶቻቸው ለምን እንደወደቁ ሲጠይቁ የተገኘ መልስ ይመስለኛል።

"ጥቂት መቶ ነጮች" የሚለውም በአንድ ዓይን የታየ ነው። ኮርቴስ በ1519 ሲመጣ አምስት መቶ ያህል ወታደርና አሥራ ስድስት ፈረስ ነበረው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ትላስካላ የምትባል፣ በሜሺካ ግዛት የተከበበች፣ ጨውና ጥጥ እንዳይገባላት የተከለከለች ነፃ አገር ነበረች። ትላስካላዎች መጀመሪያ ስፔናውያንን ወጓቸው፤ ኋላ ሸንጎ ተቀምጠው መከሩና ለጠላታቸው ጠላት ወዳጅ ሆኑ። ጨው አጥቶ ያደገ ሰው ቂሙን አይረሳም። በሰኔ 30 ቀን 1520 ሌሊት ስፔናውያን ከቴኖችቲትላን ተባርረው ብዙዎቹ በቦዮቹ ውስጥ ሲያልቁ፣ የተረፉትን ተቀብሎ ያስጠለለው ትላስካላ ነው። በ1521 ከተማዋ ስትከበብ ከኮርቴስ ጎን የተሰለፉት የአገሬው ተወላጆች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ ከሦስቱ የውል ከተሞች አንዷ የነበረችው ቴስኮኮ እንኳ በዙፋን ጠብ ተከፍላ ከፊሏ ከእርሱ ጋር ነበረች። ከተማዋ ከመከበቧ በፊት ፈንጣጣ ገብቶ ነበር፤ ሞክቴዙማን የተካው ኩይትላዋክ ሰማንያ ቀን ያህል ነግሦ በዚያው ሞተ። ስፔናውያኑ አሥራ ሦስት ጀልባ በሐይቁ ላይ አሰማርተው፣ ያን የቻፑልቴፔክ ውኃ ቆርጠው፣ ቤት በቤት ተዋግተው ከተማዋን የያዙት በነሐሴ 13 ቀን 1521 ነው። አምላክ መጣ ብሎ የሚንበረከክ ሕዝብ በረሃብና በፈንጣጣ መካከል ሁለት ወር ተኩል አይዋጋም።

"ሕዝቡ ጠፋ" ለሚለው ብዙ አልደክምም። ቋንቋቸውን ናዋትልን ዛሬ በሜክሲኮ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው ይናገረዋል። አቮካዶ የሚለው ቃል ከእነርሱ አፍ የወጣ ነው፤ ቲማቲምም "ቶማትል" ከሚሉት ተነሥቶ በብዙ ቋንቋ ዞሮ ደርሶናል። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ቤት ገብቶ "ቲማቲም ስልስ" ብሎ ያዘዘ ሰው ሳያውቀው የሜሺካን ቃል ተናግሯል፤ ጸሐፊውም ሳይናገሩት አይቀሩም። ጽሑፋቸውን እንደገና የሚያወጡት ከሆነ የፒራሚዱን ፎቶግራፍ እንዲቀይሩና ከ80,400 አጠገብ የዱራንን ስምና የጻፈበትን ዓመት እንዲያስቀምጡ እጠይቃለሁ።